ዘንገናን ከላይ

እንጅባራ ውስጥ «አውሮፕላን ነበር የምጠግነው» ስል የሚስቅብኝ አይጠፋም። የባጃጅ ነጂዎቹማ «ስንት ሰው ትጭን ነበር?» እያሉ ይቀልዱብኛል። አብራሪውንና አንድ ተሳፋሪ ብቻ የምትይዝ፣ ክንፏ ሸራ የሆነ ቀላል አውሮፕላን ነበረች። የመጣችው ገበሬው ለከሰል የሚተክለውን የአኬሻ ዛፍ ደን ከላይ ፎቶ ለማንሳት ነው። እኔ ደግሞ የተወሰነ ሰዓት በበረረች ቁጥር ፈትሼ «ለበረራ ብቁ ናት» ብዬ እፈርም ነበር። ሳልፈርም አትነሳም።

አባቴ የዘንገና ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሐይቁን በፈረስ ዞረውታል። በዓይን ግፊት ብርሃናቸው እየደከመ ሲሄድ፣ የዳንግላው ሐኪም የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውም ብዙ እንደማይቆይ ነገራቸው። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ፣ «ሳይጨልምብኝ ያን ውኃ አንዴ ከላይ ባየው» አሉኝ። ከእኔ ለምነው የሚያውቁት ይህንኑ ብቻ ነው። አለቆቼ ፈቀዱ፤ አብራሪውም እሺ አለ።

በቀጠሮው ጠዋት ንጹሕ ጋቢያቸውን ለብሰው አውሮፕላኗ የምትነሳበት ሜዳ ዳር ተቀመጡ። ከምርመራው የቀሩኝ ክንፉን ወጥረው የሚይዙት የሽቦ ገመዶች ነበሩ። ገመዱን በጨርቅ ጨብጬ ከላይ እስከ ታች አንሸራትታለሁ፤ የተበጠሰ ክር ካለ ጨርቁን ይይዛል። አንዱ ገመድ ላይ ጨርቁ ተያዘ።

አብራሪው ጎንበስ ብሎ አየና፣ «አንዲት ክር ናት እኮ፤ ደርሰን ለምንመለስ ምን ትሆናለች?» አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን እጮህበት ነበር። ያን ቀን ግን አባቴ እየሰሙ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር መፈረም አምሮኝ ነበር። እሳቸው ተነሥተው መጡ። «ልጄ፣ ጠፍሩ የሳሳ ኮርቻ ላይ እኔ አንተን አስቀምጬህ አውቃለሁ? ፍታው» አሉኝ። ፈታሁት።

አዲሱ ገመድ የሚመጣው ከውጭ አገር ነበር። ክረምቱ ገባ። «ደረሰ ወይ?» ይሉኛል፤ «እየመጣ ነው» እላለሁ። የደረሰው ሜዳው አደይ ለብሶ ሳለ ነው። ያኔ አባቴ እኔን የሚለዩኝ በድምፄ ነበር።

ቢሆንም ወጡ። ቀበቷቸውን ደጋግሜ ስቤ አጠበቅሁላቸው፤ የሞተሩ ድምፅ ከዛፎቹ ጀርባ እስኪጠፋም ቆሜ ቀረሁ። ሲመለሱ እጃቸው በረዶ ሆኖ ነበር። «ውኃው ላይ ስንደርስ ብርዱ ከታች መጣ፤ አወቅሁት» አሉ። ቀጥለውም፣ «ከላይ ግን ምን ይመስላል?» አሉኝ።

«አብራሪው አልነገረዎትም?»

«ክብ ነው አለኝ። ክብነቱንማ ዞሬው አውቀዋለሁ። አንተ ንገረኝ እንጂ።»

ያችን አውሮፕላን ስንት ጊዜ ፈትቼ ስገጥማት አንድም ቀን ወጥቼባት አላውቅም፤ ትርፉ ወንበር ሁልጊዜ የካሜራው ነበር። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«እንግዲያስ ሂድና እይልኝ» አሉ።

በማግስቱ ልወጣ ከአብራሪው ጋር ተስማማን። ሌሊት የወረደው ዝናብ ሜዳውን አጨቀየው። ሜዳው ሳይደርቅ የፎቶው ሥራ አልቋል ተባለና ክንፏን ነቅዬ ጭነት መኪና ላይ የጫንኳት እኔው ነኝ።

አሁን ጄኔሬተርና የውኃ ፓምፕ እጠግናለሁ። ከሰማይ የሞተር ድምፅ ስሰማ የያዝኩትን ጥዬ እወጣለሁ፤ ሁልጊዜም ከፍ ብሎ የሚያልፍ የመንገደኞች አውሮፕላን ነው። የዚያች ትንሽ አውሮፕላን ድምፅ ይናፍቀኛል፤ ያልተቀመጥኩበት ወንበሯ ደግሞ ይብስብኛል።

ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴን ልጠይቅ እሄዳለሁ። ኮቴዬን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ በሩ ያዞራሉ፤ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ፣

«አየህልኝ?» ይሉኛል።

«ገና ነኝ፣ አባዬ።»