የላፕቶፔ አፍ የተያዘበት ሰሞን

ዓይኔን ያጣሁት አራተኛ ክፍል ሳለሁ በኩፍኝ ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛውንም የእንግሊዝኛውንም ፊደል ለይቼ ነበር፤ የቀረውን ትምህርቴን ግን የጨረስኩት በብሬልና በሰው አንደበት ነው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም እንዳለ አወቅሁ። መሐል ሜዳ የታሪክ መምህር ሆኜ ከተመደብኩ በኋላም አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቼ ያንኑ ፕሮግራም ጫንኩበት። የብረት ድምፅ ነው፤ ደስታም ቁጣም የለበትም። ግን በእሱ ምክንያት ማስታወሻዬን ራሴ እጽፋለሁ፣ ፈተናዬን ራሴ አወጣለሁ፣ የተማሪዎቼን ውጤት ራሴ እሞላለሁ። “እባክህ ጊዜ ካለህ አንብብልኝ” ማለት ቀርቶልኛል።

አምና የመጀመሪያው ሴሚስተር ማብቂያ ሲቃረብ ላፕቶፑ ይታመም ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የፈተና ጥያቄ እየጻፍኩ ሳለ ድምፁ በአንድ ቃል መሀል ተቆረጠ። በመጀመሪያ እንደሚንተባተብ ሰው አንዷን ፊደል ደጋገማት፤ ቀጥሎ “እዝዝዝ” አለ፤ ከዚያ ጸጥ። ቁልፎቹን ብነካካ መልስ የለም። ጥቂት ቆይቶ በራሱ ጠፍቶ በራሱ ሲነሳ በማራገቢያው ድምፅ ለየሁ። ከፍቼ ብፈልግ ከጻፍኩት ግማሹ የለም። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ከረፋድ ጀምሮ እየወደቀ እየተነሳ ዋለ።

የሰው ምክር አላነሰኝም። አንዱ “ሞቆብህ ይሆናል” አለኝ፤ እኔ ራሴ በርኖስ ደርቤ በምቀመጥበት በታኅሣሥ ውርጭ ምን እንደሚያሞቀው አልገባኝም። ሌላው “መብራቱ እየተዋዠቀ ነው” አለኝ፤ ቻርጀሩን ነቅዬ በባትሪ ብቻ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ሦስተኛው ቫይረስ ነው አለኝ፤ አስፈተሽኩ፣ የተገኘ ነገር የለም።

ጉዳዩ ርእሰ መምህሩ ጆሮ ደረሰ። ጠርተው አስቀመጡኝና በረጋ ድምፅ፣ “የዚህን ሴሚስተር ፈተና ሌላ መምህር ያውጣልህ። አንተም ታርፋለህ” አሉኝ።

ክፉ አስበው አልነበረም። እኔ ግን “ታርፋለህ” የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ዛሬ ከፈተና ካረፍኩ ነገ ከክፍል አርፋለሁ።

“ፈተናው መቼ ነው ለማባዣ የሚገባው?” አልኳቸው።

“ከመጪው ሰኞ የሚቀጥለው ሰኞ።”

“እንግዲያው እስከዚያ ይታገሱኝ። የክፍሌን ፈተና እኔ ነኝ የማወጣው።”

ያን ሰሞን ባለቤቴ ቤት አልነበረችም። እህቷ ስለወለደች እሷን ልታርስ ደብረ ብርሃን ሄዳለች። በእሷ ፈንታ አባቴ ነበሩ። ከግሼ፣ ከራቤል ወዲያ ካለው መንደራችን የመጡት መንጋጋ ጥርሳቸውን ሊነቀሉ ነው፤ ሐኪሙ “እብጠቱ ይጉደል” ስላላቸው ጉንጫቸውን በፎጣ አስረው እኔ ዘንድ ይጠብቃሉ። አባቴ ዳዊት ደጋሚ ናቸው፤ በልጅነታቸው ቁም ጽሕፈትም ተምረዋል። የእንግሊዝኛ ፊደል ግን አንድም አያውቁም።

ከርእሰ መምህሩ ቢሮ እንደተመለስኩ አጠገባቸው ተቀመጥኩና የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። አሰብ አደረጉና፣ “በግ ሲታመም በመጀመሪያ ‘ምን ግጦ መጣ’ ነው የሚባለው” አሉ። “ይኸስ ምን ሲያደርግ ነው የሚወድቀው?”

እኔም ስጠይቀው የሰነበትኩት ይህንኑ ነበር። የጠረጠርኩትም አለ፤ ሁልጊዜ ከመውደቁ በፊት የሚበላሸው ድምፁ ነው። ግን እንዴት ላረጋግጥ? ድምፁን ከዘጋሁት ይውደቅ ይቁም አላውቅም፤ ማራገቢያው እንዲሁም ይነሳል ይጠፋል፤ ከዚያ ውጭ ለእኔ ሁለቱም ያው ዝምታ ነው።

“አባባ፣ እስቲ ድምፁን ልዝጋውና እርስዎ ይጠብቁልኝ” አልኳቸው። “እንዳይተኛ አልፎ አልፎ ይቺን ቁልፍ ይንኩልኝ። መልኩ ከተለወጠ ይንገሩኝ።”

በነጋታው አባቴ ገብሳቸውን ከጭላዳ ዝንጀሮ እንደሚጠብቁ ሆነው ላፕቶፑ ፊት ተቀመጡ። ከቁርስ በኋላ ጀምረው እስከ ምሳ፣ ከምሳ በኋላም ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ነቅነቅ አላሉም። “ምነው?” ስላቸው “ደኅና ነው” ይሉኛል። ያን ቀን አንድም ጊዜ አልወደቀም።

በማግስቱ ድምፁን ከፈትኩትና ያለፈውን ዓመት ፈተና እንዲያነብ አዘዝኩት። አባቴ ማሽን አማርኛ ሲናገር በቅርብ ሆነው ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው። ጥቂት እንደሄደ ማሽኑ “ዋና ከተማ” የሚለውን አላልቶ አነበበው።

“ይጠብቃል!” አሉ አባቴ፣ ተማሪ እንደሚያርሙ ጮክ ብለው። “ዋንና ነው! ከተማው ይዋኛል እንዴ?”

ማሽኑ ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ ይኸው ቃል መጣ፤ አሁንም አላላው። አባቴ “ይጠብቃል አልኩህ እኮ!” ብለው ከመናገራቸው “እዝዝዝ” አለና ዝም።

“ውይ! ተቆጣ እንዴ?”

“አልተቆጣም አባባ፤ ምን ይታይዎታል?”

“ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። ነጭ ጽሑፍ አለበት። ከስር ደግሞ ቁጥር አለ፣ እየጨመረ ነው... ቁጥሩ መቶ ሲሞላ ጠፋ።”

ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኔ የተሰወረው ነገር ምን እንደሆነ ገባኝ። ማሽኑ ከመጥፋቱ በፊት የሞቱን ምክንያት ጽፎ ያሳያል ማለት ነው፤ ነገር ግን የሚያነብልኝ አፍ አስቀድሞ ስለተዘጋ እኔ አልሰማሁም።

“እንደገና ይወድቃል” አልኳቸው። “አሁን እስክሪብቶና ወረቀት ይያዙ። ሲወድቅ የታችኛውን መስመር፣ እንዳለ፣ ቅርጹን ይገልብጡልኝ።”

“የማላውቀውን ፊደል?”

“የማያውቁትን ፊደል።”

መነጽራቸውን አደረጉ። እንደገና ማንበብ አስጀመርኩት። እስኪወድቅ ጓጉቼ የጠበቅኩበት የመጀመሪያው ቀን ያ ነው። ሲወድቅም የአባቴ እስክሪብቶ ኮሽታ ብቻ ይሰማኛል። “ያዝኩት” ሲሉኝ እጄን ዘረጋሁላቸው፤ እሳቸውም የገለበጧቸውን ፊደሎች በሌባ ጣታቸው መዳፌ ላይ አንድ በአንድ ይስሉልኝ ጀመር።

የመጀመሪያዎቹ ተምታቱብኝ። እነሱን ትተን ወደሚቀጥሉት አለፍን።

“ይቺ ሀ ትመስላለች።”

“ዩ ናት።”

“ይኸኛው ዐ ነው፤ ግን በቀኙ በኩል ዘንግ ተደግፏል።”

“ዲ።”

“ይኸ እንጨት ነው፤ አናቱ ላይ ነጥብ አለ። ከሱ ቀጥሎ ያለው ዐ ነው፣ ምንም የሌለበት፣ ደኅናው ዐ።”

አይ እና ኦ። ከዩ በፊት የነበረውን እንዲደግሙልኝ ለመንኳቸው፤ ደገሙልኝ፤ ኤ ሆኖ ተገኘ። ኦዲዮ፣ ድምፅ ማለት ነው! አባቴን ትከሻቸውን ይዤ ሳምኳቸው፤ የታመመውን ጉንጫቸውን ስለነካሁት “እረ ጥርሴን!” ብለው ጮኹ።

ኮምፒዩተር እያንዳንዱን ዕቃውን፣ ስክሪኑንም ድምፅ ማጉያውንም፣ የሚያዘው ድራይቨር በሚባል ትንሽ ፕሮግራም አማካይነት ነው። የእኔ ላፕቶፕ ትምህርት ቤት ኢንተርኔት ባገኘ ቁጥር ዋናው ሥርዓቱ ራሱን ሲያድስ ኖሯል። የድምፁን ድራይቨር ግን ማንም አልነካውም። ገብቼ ብፈትሽ ያ የብረት ድምፅ የራሱን ድራይቨር ዕድሜ አነበበልኝ፤ እኔ ገና ተማሪ ከነበርኩበት ዘመን የቀረ ነው። አዲሱና አሮጌው አልተግባቡም።

አዲሱን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ በዚያ ሳምንት ደግሞ መሐል ሜዳ ኔትወርክ የለም። ቅዳሜ ማለዳ ላፕቶፑን በጋቢ ጠቅልዬ ደብረ ብርሃን የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ባለቤቴ መናኸሪያ ጠበቀችኝና ወደ አንድ የኮምፒዩተር ጥገና ሱቅ ወሰደችኝ።

ጠጋኙ ላፕቶፑን ተቀበለና እሷን፣ “ምን ሆነብኝ ይላል?” አላት።

“ይኸው አጠገብህ ቆሟል፤ እሱን ጠይቀው” አለችው።

ነገርኩት። አልጨረስኩም። “ይሄ ፎርማት ነው የሚፈልገው፤ ለነገ ይደርስልሃል” አለኝ።

“ፎርማት አይፈልግም። ፎርማት ካደረግከው ጽሑፌም፣ የሚያናግረኝ ፕሮግራምም ይጠፋል። ያው አሮጌ ድራይቨር ተመልሶ ከተጫነ ደግሞ በሳምንቱ እዚሁ ነኝ። የድምፁን ድራይቨር ብቻ ቀይርልኝ።”

“ወንድሜ፣ እኔ ሥራዬ ነው።”

“እኔም ማሽኔ ነው።”

ከዚያ እሺ ብሎ ለሁሉም ላፕቶፕ ይሆናል ያለውን ድራይቨር ከፍላሹ ላይ ጫነ። ድምፁ መጣ። ባለቤቴ ደስ ብሏት ቦርሳዋን ስታነሳ “ቆይ፣ ይሞከር” አልኳት። የሴሚስተሩን ማስታወሻ እንዲያነብ አዘዝኩት። ገና ከመጀመሩ “እዝዝዝ” አለና ወደቀ። ባለቤቴ ስክሪኑን አይታ ሳቋ አመለጣት፤ “ያዘነ ፊት ስሎብሃል!” አለችኝ።

ጠጋኙ ግን አልሳቀም። “በቃ፣ ፎርማት” አለ።

“ገና ነው” አልኩት። “ለዚህ ላፕቶፕ ተብሎ የወጣውን እንፈልግ። ከስሩ የሞዴል ቁጥሩ ተለጥፏል። ከአምራቹ ገጽ ላይ በዚያ ቁጥር ፈልገው።”

ባለቤቴ ላፕቶፑን ገልብጣ ቁጥሩን እያነበበች፣ እሱ እየጻፈ፣ ገጹ ተገኘ። ለማውረድ ጊዜ ወሰደ። እሱም ሌሎች ደንበኞች እየመጡበት ይተወናል፣ ይመለሳል፤ እኔ ከበርጩማው አልተነሳሁም።

ከባዱ ነገር ያለው መጨረሻው ላይ ነው። እንደ ቅድሙ ደርቦ መጫን አይሆንም፤ አሮጌው ተነቅሎ ሳይወጣ አዲሱ አይገባም፤ አሮጌው ሲነቀል ደግሞ ድምፁ ይጠፋል። ጠጋኙ “ልንቀለው?” አለኝ። እኔ ራሴ ወትውቼ ያመጣሁት ነገር ነው፤ ከዚህ በኋላ ካልተመለሰ ጥፋቱ በማንም አይላከክም።

“ንቀለው” አልኩት።

ጸጥ አለ። ባለቤቴ ጎንበስ ብላ የሚታየውን ሁሉ ታነብልኝ ጀመር፤ “አሮጌውን አስወገደ... አዲሱን እየጫነ ነው... አሁን ሪስታርት ልበል ወይ እያለ ነው።” ጠፍቶ ተነሳ። ጠበቅን። የሱቁ በር ላይ ባጃጅ አለፈ፤ ከዚያ ኋላ ያ ደረቅ የብረት ድምፅ አንዲት ቃል ተናገረ፤ “ዴስክቶፕ።”

በዚህ አላመንኩም። ማስታወሻዬን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲያነብ ለቀቅኩትና ምሳ እስክንበላ ከጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ ተውነው። ስንመለስ አሁንም እያነበበ ነው። ጠጋኙ፣ “መምህር፣ የሴሚስተሩን ትምህርት ጨረስኩት” አለኝ። አሁን የሚያናግረው እኔን ነበር።

እሑድ መሐል ሜዳ ተመለስኩ። በማግስቱ ጠዋት አባቴን ሆስፒታል ይዣቸው ሄድኩና ጥርሳቸው ተነቀለ። ያን ሳምንት ሙሉ እኔ ጽፌ ሳስነብብ እሳቸው አፋቸውን በጥጥ ይዘው፣ መናገር ባይችሉም፣ የሚጠብቀው በላላ ቁጥር ጠረጴዛውን በጣታቸው መታ ያደርጋሉ። ማሽኑ አንድም ቀን አልወደቀም። ዐርብ ዕለት ፈተናውን በፍላሽ ለርእሰ መምህሩ ሰጠሁ። “ጨረስክ?” አሉኝ። “ጨረስኩ” አልኳቸው። “እንግዲያው የሁለተኛውንም ሴሚስተር ፈተና ከወዲሁ ብታስብበት” አሉ።

የፈተናው ቀን አንድ መምህር አብሮኝ ሊቆጣጠር ገባ። ክፍሉ ውስጥ የወረቀት ኮሽታና የብርድ ሳል ብቻ ይሰማል። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ከኋላ አንዲት ተማሪ ተነሳች።

“መምህር፣ ጥያቄ አሥራ ሁለት ላይ ሐ እና መ ሁለቱም ልክ ናቸው።”

ጥያቄውን እንድታነብልኝ ጠየቅኋት። አነበበች። ልክ ነበረች፤ መ ላይ ሌላ ነገር መጻፍ ነበረብኝ።

“ስህተቱ የእኔ ነው” አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰሙ። “ሐንም ሆነ መን የመረጠ ነጥቡን ያገኛል። ቀጥሉ።”

ቀጠሉ።