በስታቭሮ ዘፈን መሀል ያለው ዝምታ

እኔና ባለቤቴ ለመጨረሻ ጊዜ አብረን ያደረግነው ነገር ወልቂጤ ቤታችን ተቀምጠን የዘፈን ሸክላ መስማት ነው። እራት እንደበላን የስታቭሮን ዘፈን ከፈተ። ስታቭሮ ቡታጅራ የተወለደ የአንድ ግሪክ ባለወፍጮ ልጅ ነው፤ ዛሬ አቴና ውስጥ ስሙ የገነነ ዘፋኝ ሆኗል። ባለቤቴ የቡታጅራ ሰው ስለነበር “ዜማው የእኛ ነው” እያለ ይኮራ ነበር። ዘፈኑ መሀል ላይ ድምፁ ቀጥ ይላል፤ የሙዚቃ መሣሪያው አንድ ክር ብቻ ሲነዝር ይሰማል። ያን ምሽት ባለቤቴ በዚያ ክፍተት የራሱን ስም በዜማ አስገባ። ሳቅን። በማግስቱ ሱቁ ውስጥ እንደተቀመጠ ሞተ።

ከዚያ ወዲህ ስሙ ከአፌ አልወጣም። ሸክላውን መስበርም ቤት ማስቀመጥም ፈራሁ። ስታቭሮን ያሳደጉት ሞግዚት ቡታጅራ በሕይወት አሉ ሲሉኝ ለእሳቸው ላስረክብ ተነሣሁ።

መንገድ ላይ

በመሀል ያለውን ተራራ በቀጥታ የሚያቋርጥ መኪና ስለሌለ አዲስ አበባ አድሬ ጠዋት የቡታጅራውን አውቶቡስ ያዝኩ። ሸክላውን በነጠላ ጠቅልዬ ታቀፍኩት።

“እትዬ፣ ሕፃኑ አሁንም አልተኛልዎትም?” አለችኝ አጠገቤ የተቀመጠች ቅቤ ነጋዴ።

ቡኢ ከተማ ላይ ቆጮ በጎመን በላን። ከዚያ ጉም ወረደ። እንሰቱ ከጉሙ ብቅ ሲል ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ይመስል ነበር።

ቡታጅራ

የስታቭሮን ሞግዚት ቤት አንድ ጨርቅ ሻጭ ጠየቅኩ። “ስታቭሮ? እዚህ ሳለ ዱቄት ውስጥ የወደቀ አይጥ ነበር፤ ዛሬ ከበረብን!” ብሎ ሳቀና ከተዘጋው ወፍጮ ጀርባ ያለውን ጎጆ አሳየኝ።

ደጁ ስደርስ ደነገጥኩ። ያው ዜማ ከውስጥ ይሰማል። ግራሞፎን የለም፤ ሞግዚቷ እማማ ራህመት ብቻቸውን ቃጫ እየፈተሉ ያንጎራጉራሉ። እዚያው ቦታ ሲደርሱ ዝም አሉ፤ ቆይተው ቀጠሉ።

“እንደምን ዋሉ እማማ?”

“አልሐምዱሊላህ። ግቢ ልጄ፣ በሩን ዝጊው።”

ዘጋሁት። ዝም ስላሉበት ቦታ ጠየቅኳቸው።

“የለቅሶ ዜማ ነው። ሼኹ ስለማይወዱት ለቃጫው ነው የምዘፍነው። እዚያ ጋ የሟች ስም ይገባል። የስታቭሮ እናት ስትሞት ስሟን አስገብቼ አለቀስኩላት። ልጁ ማታ ማታ ዝፈኚልኝ ሲለኝ ስሟን ሰምቶ እንዳይከፋው ዘለልኩት። እንደዘለልኩት ያዘው። ጆንያ ላይ ወጥቶ ሲዘፍን ገበያተኛው ሴት ሁሉ ያለቅስ ነበር። አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ገባ፣ በግሪኮቹ ክበብ ዘፈነ፤ ከዚያ ወደ አገራቸው ወሰዱት። እዚያም ሰዉ ያለቅሳል አሉ፤ ለምን እንደሚያለቅስ አያውቅም እንጂ።”

ባለቤቴ ያደረገውን ነገርኳቸው። እጃቸው ቆመ።

“የሕያው ስም አይገባበትም። ወንዶች ከሩቅ ስለሚሰሙት አያውቁም።”

“ታዲያ ዘፈኑ ነው የገደለው?”

“ሞት ሲጠሩት የሚመጣ ቢሆን እኔን እስካሁን ይተወኝ ነበር? ይልቅ ከሄደ በኋላ ስሙን ጠርተሽለታል?”

“አልቻልኩም።”

“ያልተጠራ ሰው ከደጅ አይርቅም።”

ዞርኩ። የዘጋሁት በር ገርበብ ብሏል። ነፋስ አልነበረም።

እማማ ራህመት ዜማውን ጀመሩ። ቦታው ላይ ሲደርሱ ዝም ብለው አዩኝ። ስሙን ጠራሁ። ከሞተ ጀምሮ ያላለቀስኩትን ያን ጊዜ አለቀስኩ። ሸክላውን ስሰጣቸው “ያንቺ ነው፤ የእኔ እዚህ አለ” ብለው ጉሮሯቸውን ነኩ።

ወልቂጤ

ሸክላውን ይዤ ተመለስኩ። ያ ክፍተት የተተወው ለሚቀረው ሰው እንደሆነ ገብቶኛል። አሁን ከእራት በኋላ በሩን ገርበብ አድርጌ ዘፈኑን እከፍታለሁ። ዝም ሲል፣ “ታደሰ” እላለሁ።