በሑዳዴ የተጠጣው ወተት

ታላቅ ወንድሜን ከሞተ በኋላም አልታረቅሁትም። ኃጢአት ነው የሚለኝ ካለ መጀመሪያ ይህን ይስማ።

ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ይዞ በነበረበት ዘመን አባቴን ጉሮሮውን አመመው። እንጀራ እምቢ አለው፤ የተልባ ውሃ እንኳ በአፍንጫው ይመለስ ጀመር። ደህና ይወርድለት የነበረው ወተት ብቻ ነበር። በዚያው ሑዳዴ ገባ።

«ያለ ንስሐ አባቴ ፈቃድ አልገድፍም» አለ። ንስሐ አባቱ ደግሞ ከአርበኞች ጋር ወደ ዓባይ ቆላ ወርደዋል።

ለጣሊያን ያደረው ወንድሜ ካኪውን ለብሶ መጣ። አልጋው ሥር ተቀምጦ «በጾም መሞት መታደል ነው» ይላል። እሱ ምሽጉ ውስጥ በሑዳዴ የቆርቆሮ ሥጋ እንደሚበላ አገር ያውቃል! አባቴ በረሃብ ሲደርቅ የላማችን ጥጃ ጠግቦ በረት ውስጥ ይፈነጫል። አልቻልሁም። እንጨት ለቀማ ብዬ ወጣሁና ቆላ ወረድሁ።

ንስሐ አባታችን ሲሰሙ ተቆጡ። «እንዲህ ያለ በሽተኛ ጾም የለበትም! ይጠጣ፤ ዕዳው በእኔ» ብለው መቁጠሪያቸውን ሰጡኝ። አንዲት ፍሬው ጠፍታባቸው አባቴ ሌላ ከወይራ ቀርጾ ተክቶላቸው ነበር።

በማግስቱ ወተቱን ይዤ ስገባ ወንድሜ ተነሥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ማን ፈቀደ?»

እውነቱን ብናገር አርበኞቹን ያስፈጃል። «እኔ» አልሁ።

«አንቺ ቄስ ነሽ?»

«አንተ የሆንኸውን አልሆንሁም» ብዬ ገፍቼው ገባሁ።

አባቴ ይህን ሰምቶ አፉን ገጥሟል። መቁጠሪያውን በጋቢው ሥር መዳፉ ላይ አኖርሁለት። ጣቱ ፍሬዎቹን ዳሰሰ፤ የወይራዋ ላይ ሲደርስ ቆመ። ዓይኑን ገልጦ አየኝ።

«አባዬ፣ ይቅመሱ» አልሁት። ጠጣ።

ዘጠኝ ቀን ኖረ። ጠዋት ጠዋት ደጅ ፀሐይ ላይ አወጣዋለሁ፤ ጥጃው ሲዘል እያየ ይሥቃል። በዐሥረኛው ቀን ሳይጨነቅ አረፈ።

ወንድሜ ለቀስተኛው ፊት «አስገድፋ ገደለችው» አለ። ሴቶቹ ከአጠገቤ ራቁ። ማን እንደ ፈቀደ አልተናገርሁም፤ ቆላው ውስጥ ሰው ነበረብኝ።

ጣሊያን በወጣ ሰሞን ንስሐ አባታችን ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ጠሩኝ። ወንድሜም ካኪውን ጥሎ ጋቢ ለብሶ ከሕዝቡ መሐል ቆሟል።

«ልጄ» አሉኝ ጮክ ብለው፣ «አባትሽ ወተት እንዲጠጣ የላክሁትን መቁጠሪያ መልሺልኝ።»

ከአባቴ መዳፍ ወስጄ የደበቅሁትን ከቀሚሴ ሥር አወጣሁና ሰጠኋቸው። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው ወንድሜን አዩት።