ሳላያቸው የፈረምኩላቸው ጥራዞች

የሰው ስህተት መልቀም የምወድ ሴት ነኝ። ካዛንቺስ ባለው ኮሌጃችን ቤተ መጻሕፍት አንድ መጽሐፍ ከቦታው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ከተገኘ፣ ላስቀመጠው ሰው ወዮለት። ባልደረቦቼ ከኋላዬ «ኢንስፔክተሯ» እንደሚሉኝ አውቅ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደስም ይለኝ ነበር። ይህን አስቀድሜ የማወራው ወድጄ አይደለም። የሠራሁት ስህተት የዝርክርክ ሰው ስህተት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላፈርኩ ነበር።

ነገሩ የመጣው ሰፈራችን መፍረስ ሲጀምር ነው። ኡራኤል አካባቢ የነበረ አንድ ሌላ ኮሌጅ፣ ሕንፃው ለመንገድ ማስፋፊያ ተፈለገና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ልቀቁ ተባለ። የተሰጣቸው ምትክ ቦታ ከከተማ ዳር ነው፤ ለመጻሕፍት የተረፈው ክፍል የድሮውን ግማሽ አያህልም። የእኛ ሕንፃ ከፈረሳው ተርፏል፤ ግን ተማሪ በዛ ተብሎ ከንባብ አዳራሻችን ገሚሱ የመማሪያ ክፍል ሆኖብናል። ሌሎች ሦስት ኮሌጆችም በቦታ ጥበት ተይዘው ነበር። እናም የአምስቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች ኦሎምፒያ አንድ ካፌ ውስጥ ተሰበሰብንና፣ ለዓመታት በየፊናችን ስናማርርበት የኖርነውን ነገር በአንድ ማኪያቶ ጨረስነው።

ሐሳቡ ቀላል ነው። አምስታችንም መደርደሪያ ላይ ያው አንድ ዓይነት የድሮ መጽሔትና ጋዜጣ አቧራ ይጠጣል። ለምን አምስት ቦታ? አንዱን አንድ ቤት ይያዘው፣ ሌላውን ሌላ ቤት። የያዘው ቤት እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀዋል፤ የቀሩት አራቱ አንባቢ ሲጠይቃቸው ያውሳቸዋል። አራቱ ደግሞ የራሳቸውን ቅጂ አስወግደው ቦታ ያገኛሉ። ዝርዝሩን እኔ ላዘጋጅ አልኩ፤ ሌላ ሰው ካዘጋጀው ይሳሳታል ብዬ ነው። በዝርዝሩ መጨረሻ «በዓይን ታይቷል» የሚል የፊርማ ቦታ ያስገባሁትም እኔው ነኝ። «ማንም ሰው ኮምፒውተር ላይ እያየ አለኝ እንዳይል። ወርዶ፣ ጥራዙን አውጥቶ፣ ገልጦ፣ ከዚያ ይፈርም» አልኳቸው፣ ጣቴን እየቀሰርኩ። ሁሉም ተስማሙ።

የኡራኤሉ ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀራቸው ሰው ነበሩ። የወሎ ሰፈር ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የተቀደደ ገጽ በዱቄት ሙጫ እንዴት እንደሚጠገን ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰምቼ አላውቅም። እሳቸው ቤት ከሁሉም የሚሳሱለት አንድ ነገር ነበር፦ በየገጠሩ ለተሰማሩ የጤና ረዳቶች በአማርኛ ይታተም የነበረ፣ ከተቋረጠ ብዙ ዘመን ያለፈው ወርሃዊ መጽሔት። የጎደሉትን እትሞች ለዓመታት ጡረተኛ ድሬሰሮችን ቤት ለቤት እየጠየቁ አሟልተው፣ በየዓመቱ ለይተው አስጠርዘውታል። መጽሔቱ መጨረሻ ገጽ ላይ ከየክሊኒኩ የተላከ ደብዳቤ ይወጣ ነበር። አንዱ ጤና ረዳት፣ ቴርሞሜትሬ ተሰብሮብኛል፣ ሌላ እስኪላክልኝ ትኩሳት በምን ልለካ ብሎ ይጠይቃል። አዘጋጁም የእጅህን ጀርባ መጀመሪያ በራስህ ግንባር፣ ቀጥሎ በሕመምተኛው ግንባር አድርገህ አመዛዝን ብሎ ይመልስለታል። ጋሼ ይቺን ደብዳቤ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያነቡለት ነበር።

የመጽሔቱ ሙሉ ስብስብ፣ እኛ እስከምናውቀው ድረስ፣ እሳቸውና እኛ ዘንድ ብቻ ነበር የሚገኘው። የእኛ በጠንካራ ጨርቅ የተጠረዘ ነው፤ የእሳቸው ዳር ዳሩ አልቋል። «የእናንተ ይሻላል፤ እናንተ ያዙት። የኔን እለቃለሁ» አሉ ካፌው ውስጥ። ማኪያቷቸውን ሳይጠጡት ለረጅም ጊዜ አማሰሉት።

ዝርዝሩ ተሞልቶ በሚላክበት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ የጤና ረዳቶቹን አይተሻቸዋል?»

«አይቻቸዋለሁ ጋሼ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ምን ነካዎት፣ እኔን አያውቁኝም እንዴ?»

«እሱማ አውቅሻለሁ» አሉና ሳቁ።

አላየኋቸውም ነበር። ለእኛ ከተመደቡት አብዛኞቹን፣ ላይኛው ፎቅ ያሉትን፣ እውነትም አንድ በአንድ ገልጬ አይቻለሁ። የቀሩት ዘጠኝ ዓይነት መጽሔቶች ምድር ቤት መጋዘን ውስጥ ነበሩ። ቁልፉን የያዘው ሰው ለምሳ ወጥቶ አልተመለሰም። መጋዘኑ አቧራ ነው፤ እኔ ደግሞ የዚያን ዕለት ነጭ ሹራብ ለብሻለሁ። ዝርዝሩን አሥር ሰዓት ላይ እልካለሁ ብዬ ለሁሉም አውጃለሁ፤ የሌሎቹን መዘግየት ስተች የከረምኩ ሰው እንዴት ልዘግይ? ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። «ሙሉ፤ ሁኔታው ጥሩ» ይላል። ይህን መረጃ ከስድስት ዓመት በፊት ያስገባሁት ራሴ ነኝ። ሌላ ሰው ያስገባው ቢሆን እጠረጥር ነበር። ዘጠኝ ጊዜ ፈረምኩ። ሰኞ ልላከው ብል የሚቆጣኝ ሰው አልነበረም፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ ቀን፣ አንድ መምህር ከእነዚያ ከዘጠኙ አንዱ የሆነውን የጤና ረዳቶቹን መጽሔት አንድ ገጽ በስልኬ አንስቼ እንድልክለት ጠየቀኝ። ቁልፉን ተቀብዬ ወረድኩ። በሩን ስከፍት የሻጋታ ሽታ ተቀበለኝ። ጥራዞቹ በቅደም ተከተላቸው፣ ጀርባቸው ላይ ቁጥራቸው እንዳለ ተደርድረዋል። የመጀመሪያውን ሳብ ሳደርገው ጎረቤቱን ይዞ መጣ። ልግለጠው ብል አልገለጥም አለኝ። የመጽሔቱ ወረቀት የሚያብለጨልጭ ዓይነት ነው፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ውሃ ነክቶት ከደረቀ ገጽ ከገጽ ይጣበቃል፣ ከዚያ በኋላ የሚያላቅቀው የለም። እያንዳንዱ ጥራዝ ጡብ ሆኗል። ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ፤ ቢጫ እድፍ ግድግዳውን ይዞ ወርዷል። በላዩ ያለው መጸዳጃ ቤት ነው። ውሃ በጠፋ ቀን አንዱ ቧንቧ ከፍቶ፣ ሳይዘጋው ሄዶ፣ ውሃው ሰው በሌለበት መጥቶ ፈስሷል። መቼ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ባለፈው ክረምት ይሆናል፣ ካቻምናም ሊሆን ይችላል።

ክው ብዬ ቀረሁ። ወዲያው ግን የጋሼ ቅጂ ትዝ አለኝና ነፍሴ መለስ አለች። የሚወገደውን ወረቀት የሚወስደው መኪና ሐሙስ ጠዋት እንደሚመጣ የአምስታችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንብቤያለሁ። ገና ማክሰኞ ነው። አንድ ስልክ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ደወልኩ። ጋሼ ስልኩን ሲያነሱ አጠገባቸው ሰው ነበር። «ቆይ፣ ያቺ የነገርኩህ ልጅ ናት፤ መጋዘኗን እንደ ጓዳዋ የምታውቀው» ሲሉት ሰማሁ። ከዚያ «አቤት ልጄ» አሉኝ። አፌ ላይ የደረሰው ቃል ተመለሰ።

«ደህንነትዎን ልጠይቅ ብዬ ነው ጋሼ። በዕቃ ማንሳቱ እንዳይጎዱ።»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። አላህ ይስጥሽ ስላሰብሽልኝ።»

ስልኩን ዘጋሁና ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ።

ረቡዕ ስብሰባ ነበረኝ ብል ውሸት አይደለም፤ ስብሰባው ግን የፈጀው አንድ ሰዓት ነው። የቀረውን ቀን የምነግራቸውን ቃል ሳሳምር ዋልኩ። ጥፋቱ የቧንቧው ብቻ እንዲመስል፣ እኔም ፈርሜ ሳለሁ ያልፈረምኩ እንድመስል የሚያደርግ ቃል ስፈልግ። «ጋሼ፣ ሳላይ ነው የፈረምኩት፣ አያስጭኑት» ብዬ ልገላገል የምችለውን ነገር ቀኑን ሙሉ ሳሽሞነሙነው መሸ።

ሐሙስ ጠዋት ታክሲ ያዝኩ። ኡራኤል ጋ መንገዱ ተቆፍሮ መኪናው አልንቀሳቀስ ሲል ወርጄ በእግሬ ሮጥኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልሮጥኩም፤ ተራመድኩ። ስደርስ ግቢው ተጠርጓል። ጋሼ ባዶው ክፍል ውስጥ አንዲት ወንበር ላይ ተቀምጠው የመደርደሪያ ብሎን በፌስታል ይሰበስባሉ። ሻይ አስመጡልኝ።

«የጤና ረዳቶቹን መጨረሻ ላይ ነው ያስጫንኳቸው። ትንሽ ከፋኝ» አሉ። «ግን አንቺ ጋ አለ።»

«አለ ጋሼ» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። መኪናው ወዴት እንደሄደ ብጠይቅ እንኳ ይነግሩኝ ነበር። ምናልባት ገና መንገድ ላይ ይሆናል። ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን ሳስበው የበለጠ እሸማቀቃለሁ። የተጣበቁትን ጥራዞች በአሮጌ መጋረጃ ሸፈንኳቸው። የጽዳት ሠራተኛችንን ቧንቧ አትዘጉም ብዬ ሰው ፊት ጮኽኩባት፤ «እኔ እኮ ከተቀጠርኩ ሦስት ወሬ ነው» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። ስምምነታችን ጥሩ ተወራለትና ሌሎች ኮሌጆችም መግባት ፈለጉ። እንድናስረዳቸው ሲጋብዙን አምስታችንን ወክዬ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ቆሜ «በዓይን ታይቷል» የሚለው ፊርማ ለምን እንደሚያስፈልግ ለግማሽ ሰዓት አብራራሁ። አጨበጨቡልኝ።

ጋሼ ጡረታ ወጡ። ወራት ካለፉ በኋላ አንዲት የማስተርስ ተማሪ የእሳቸውን ማስታወሻ ይዛ መጣች። የበሽታ ስሞች ወደ አማርኛ እንዴት እንደገቡ ነው የምትጽፈው፤ ዋና ማስረጃዋ ይኸው መጽሔት ነው። መጋዘኑ እየተስተካከለ ነው፣ በወሩ ተመለሺ አልኳት። በወሩ መጣች። ቁልፍ የያዘው ሰው ፈቃድ ላይ ነው አልኳት። ሦስተኛ ስትመጣ፣ «አድቫይዘሬ ርዕስ ቀይሪ እያለኝ ነው። ማለቴ፣ ይሄ ሴሚስተር ካለፈኝ መመረቄም ይቀራል። ግን ጋሼ እሷ አለ ካለች አለ ብለውኛል፣ በቃ እጠብቃለሁ» አለችኝ፣ ፈገግ ብላ። የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

በሳምንቱ ጋሼ ራሳቸው መጡ። ሲቆጡ ያየኋቸው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«ልጅቷን ለምን ታመላልሻታለሽ? መጽሔት የሚቀመጠው ሊነበብ ነው እኮ። ንፉግ አትሁኚ እንጂ!»

ንፉግ መባል ምንኛ ቀለለኝ! አዎ፣ ንፉግ ነኝ ልላቸው ቃጥቶኝ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔው እውነት ግን በራሱ አልጠራም፣ እሳቸው ደረጃ ወጥተው መምጣት ነበረባቸው። መሬት መሬት እያየሁ ነገርኳቸው፤ ዘጠኙን ፊርማ፣ የቧንቧውን ውሃ፣ ጡብ የሆኑትን ጥራዞች።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

ይህን ጥያቄ ነበር የምፈራው።

«ማክሰኞ።»

«የኔ የተጫነው ሐሙስ ነው።»

«አዎ ጋሼ።»

«ማክሰኞ እኮ ደውለሽልኝ ነበር። ደህንነቴን ጠየቅሽኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው።

«ለልጅቷ አሁን ደውይላት። እውነቱን ንገሪያት።»

እዚያው ፊታቸው ደወልኩ። ተማሪዋ «እሺ፣ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ» ብላ ዘጋችው። ርዕሷን እንደቀየረች በኋላ ሰማሁ።

«ሌሎቹ ስምንቱስ?» አሉ ጋሼ።

«እነሱ ደህና ናቸው። ከዚያ ወዲህ ወርጄ አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ። እውነቴን ነው ጋሼ።»

እውነቴን ነበር። ትንሽ አዩኝና ተነሱ።

«ቁልፉን አምጪ።»

ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ግድግዳውን እየያዙ ደረጃውን ወረዱ፤ ክንዴን ብሰጣቸው አልያዙትም። መጋረጃውን ገልጠው ከተጣበቁት አንዱን አነሱና ጥጉን በጥፍራቸው ሞከሩት፣ መልሰውም በቀስታ አስቀመጡት። ከዚያ ወደ ቀጣዩ መደርደሪያ ሄደው የመጀመሪያውን ጥራዝ አውጥተው ገለጡ። ድካም ላቀልላቸው ብዬ፣ «አሥራ ሁለቱም እትሞች አሉ ጋሼ፣ ሙሉ ነው» አልኳቸው።

ጋሼ ጣታቸውን እያራሱ ከአንድ ጀምረው ቆጠሩ።