ለአማቹ የተጻፈው ደብዳቤ

ሙሀመድየሱፍን ሰዎች ለእርቅና ለመልእክት መላክ የጀመሩት አባቱ በሞተ ማግስት ነው።

አባቱ ወረታ ላይ ሩዝ ነጋዴ ነበር። እናቱ ግን የእንፍራንዝ የክርስቲያን ቤት ልጅ ናት። ሃይማኖቷን ለውጣ በማግባቷ ከወንድሟ ከገብረ መስቀል ጋር ተኳርፈው ሃያ ሁለት ዓመት ዐይን ለዐይን አልተያዩም። ገብረ መስቀል የሞቱን ወሬ ሰምቶ በጭነት መኪና ወረታ ደረሰና ጋቢውን እንደ ተከናነበ ከአጥሩ ውጭ ቆመ። አልገባም፤ አልተመለሰም። ግቢ ውስጥ የተቀመጡት ሽማግሌዎችም አይተውት ዝም አሉ። የሃያ ዓመቱ ሙሀመድየሱፍ ነው ወጥቶ፣ «አጎቴ፣ ቦታዎ ተይዞልዎታል፤ ይግቡ» ያለው።

ቦታ የያዘ ሰው አልነበረም። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲገቡ ግን አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው አጠገባቸው አስቀመጡት። እናቱ ያን ቀን ለሁለት ነገር አለቀሰች።

ከዚያ ወዲያ ከወረታ እስከ እንፍራንዝ የተጣላ ዘመድ ሁሉ እሱን ይፈልግ ጀመር። በእናቱ ቤት የሚባለውን በአባቱ ቤት አይልም፤ የሰማውን ቁጣ አለስልሶ ያደርሳል፤ አንዱ ስለሌላው የተናገረውን ክፉ ቃል ሆዱ ውስጥ ይቀብረዋል። ባሕር ዳር መጥቶ አንድ መሥሪያ ቤት በፕሮቶኮል ሠራተኛነት ሲቀጠርም የሠራው ይህንኑ ነው። እንግዳ ይቀበላል፣ ደብዳቤ ያደርሳል፣ ማን ከማን ጎን መቀመጥ እንደሌለበት ያውቃል። ኃላፊዎች ሲሾሙና ሲሻሩ እሱ ከረባቱን አስሮ በዚያው በር ቆመ። አምስት ኃላፊ እንዲህ አለፈ።

ስድስተኛው አኒስ ሆነ። አኒስ የሚስቱ የሸምሲያ ታናሽ ወንድም ነው። ቤተሰባቸው ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ ጨርቅ ነጋዴ ሲሆን፣ ተምሮ ለሹመት የበቃ እሱ ብቻ ነበር። «አማቹ ስለሆነ ነው» እንዳይባል ሙሀመድየሱፍ የቀረበለትን እድገት ሳይቀበል ቀረ። ቢሮ ውስጥ «ክቡር ኃላፊ» ይለዋል፤ ቤት ሲመጣ ደግሞ በስሙ ይጠራዋል። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አላምታታውም።

አንድ ሰኞ ጠዋት አኒስ ከኃላፊነቱ ተነሣ ተባለ። በዚያው ሳምንት በሚኖርበት የመንግሥት ቤት በር ላይ ሲደረደሩ የነበሩት መኪኖች ጠፉ። አዲሱ ኃላፊ አቶ ቢያዝን ይባላል፤ ዕድሜው ከሙሀመድየሱፍ ያንሳል። ሐሙስ ዕለት አስጠራውና የታሸገ ደብዳቤ ሰጠው።

«ቤቱን በዐሥር ቀን እንዲለቅ የሚል ነው» አለው። «እርስዎ ቢያደርሱት ይሻላል ብዬ ነው። ዘመድ ነዎት፤ ነገር አይከርም።»

ለሌሎቹ ተሻሪዎች የተሰጠው ሦስት ወር እንደ ነበር ሙሀመድየሱፍ ያውቃል። ለምን እሱ እንደ ተመረጠም አልጠፋውም። ወዴት እንደሚያዘነብል ሊያዩት ነው። «እሺ ክቡር ኃላፊ» ብሎ ተቀበለ።

በምሳ ሰዓት ወደ ቤት ሲሄድ የሐይቁን ዳር መንገድ ያዘ። ጣና እንደ ዝናብ ወራቱ ደፍርሶ ነበር። ደብዳቤው በደረት ኪሱ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ ይሰማዋል። ቤት ገብቶ ለሸምሲያ ሲነግራት እጇን ከሳህኑ አነሳች።

«ሌላ ሰው ያድርሰው» አለችው። «ወንድሜ ከአንተ እጅ አይቀበል።»

«ሌላ ሰው ለዘበኛው ሰጥቶት ይመለሳል፤ ሸምሲያ።»

«ይስጠው። ቢያንስ አንተ አትሆንም።»

ማግስቱን ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ኃላፊ ዘንድ እንደሚገባ ሰው ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ከረባቱን አስሮ ሄደ። በሩን የከፈተው አኒስ ራሱ ነበር። ጢሙን አልተላጨም።

«እንደ ማን ሆነህ መጣህ?» አለው።

«መጀመሪያ እንደ መሥሪያ ቤቱ።»

ደብዳቤውን በሁለት እጁ ሰጠው፤ አኒስ አንብቦ ፈረመ። ከዚያ ሙሀመድየሱፍ ከረባቱን ፈትቶ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ጓዳ ውስጥ የአኒስ ልጅ ተስኒም ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ድምጿን ከፍ አድርጋ ታጠናለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ አኒስ። «ያን ያሻረኝን የጀልባ ማቆሚያ ጉዳይ ስወስን አጠገቤ ነበርህ። ባለታንኳዎቹን ሳላነጋግር ስፈርም አይተሃል። ስህተት እንደ ነበር ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልኸኝ? በአራት ዓመት አንድ ቀን ተሳስተሃል ብለህ አልነገርኸኝም እኮ። ቢሮም ቤትም።»

ሙሀመድየሱፍ እጆቹን አየ። በዕድሜው ብዙ ቁጣ ተቀብሎ አለስልሶ መልሷል፤ ይህን ግን አላለሰለሰውም።

«አልነገርሁህም» አለ። «ነገር ሳይነሣ ማሳለፍ ሥራዬ መስሎኝ ነበር። አጥፍቻለሁ።»

አኒስ አልተቆጣም፤ አላጽናናውምም። ሲወጣ እስከ ውጭው በር ሸኘው።

ቅዳሜ ባሕር ዳር ላይ ዝናብ ዋለ። ሙሀመድየሱፍ ከቤት ሳይወጣ ሁለት ቀን አሰበ። የአጎቱን ቦታ ተይዟል ብሎ የዋሸበት ቀን ትዝ አለው፤ ያ ውሸት ሁለት ቤት አስታርቋል። አኒስ ሲሳሳት እሱ ዝም ማለቱ ግን ማንን አስታረቀ? ባለታንኳዎቹ ተጎዱ፤ አኒስ ተሻረ፤ እሱ ግን በበሩ ላይ እንደ ቆመ ቀረ።

ሰኞ ወደ አቶ ቢያዝን ቢሮ ሳይጠራ ገባ።

«ደብዳቤውን አድርሻለሁ፤ ተፈርሟል» አለ። «ግን ተሳስተዋል፤ ክቡር ኃላፊ። ዐሥር ቀን ለማንም ተሰጥቶ አያውቅም። ሴት ልጁ ፈተና ላይ ናት። ነገ ለእርስዎም እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚጽፍ ይመጣል።»

አቶ ቢያዝን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አማችዎ ስለሆነ ነው እንዲህ የሚሉኝ?»

«አማቼ ባይሆን ኖሮ ዝም እል ነበር። ያ ነው ጥፋቴ።»

በሳምንቱ ሙሀመድየሱፍ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወረ፤ ምድር ቤት ውስጥ፣ አቧራ ከጠጣ ፋይል ጋር። ቤቱን የማስለቀቁ ቀን ግን ማንም ምክንያቱን ሳይናገር እስከ ትምህርት መዝጊያ ተራዘመ። ተስኒም ቤት ሳትለቅ ፈተናዋን ጨረሰች።

ሸምሲያ አንድ ወር ያህል ከባሏ ጋር ቃል ቆጥባ ኖረች። ያበረዳት አኒስ ነው። «ከተሻርሁ ወዲህ በሬን ያንኳኳ እሱ ብቻ ነው» አላት።

ከዓመት በኋላ አቶ ቢያዝን አንዳንድ ከሰዓት ወደ ምድር ቤቱ ይወርድ ጀመር። የካርቶን ክምር ላይ ቁጭ ይልና «እርስዎ እንዴት ያዩታል?» ይለዋል። ሙሀመድየሱፍ ያየውን ይነግረዋል። አቶ ቢያዝን አንዳንዱን ይቀበላል፤ አንዳንዱን ሰምቶ እንደ ሐሳቡ ያደርጋል። ወደ ፕሮቶኮል ግን አልመለሰውም፤ እሱም አልጠየቀም። ዐምና ከዚያው ከመዝገብ ቤት ጡረታ ወጣ።

አኒስ አሁን መራዊ ላይ የመስኖ ውሃ መሳቢያ ሞተር ይሸጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ባሕር ዳር ይመጣና እህቱ ቤት ምሳ ይበላል። ሁለቱ ማዕድ ላይ ይከራከራሉ፤ ስለ ሱቁ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ተሿሚው ሁሉ። ሙሀመድየሱፍ «ይሄ ልክ አይደለም» ሲል ድምፁ ዛሬም ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

«ድሮ አንተ ስትመጣ ቤቱ ጸጥ ይል ነበር» ትላለች ሸምሲያ ሳህን እያነሳች። አኒስ ሳቅ ብሎ ወደ ክርክሩ ይመለሳል።