በአባቴ ክፍል የነበረው እንፋሎት

ትናንት ለልጅሽ ሳል የትኛው የእንፋሎት ማሽን እንደሚሻል ስትጠይቂኝ፣ መልሱን ጀምሬ መሃል ላይ ዝም ያልኩት ሥራ መጥቶብኝ አይደለም። ሽታው መጥቶብኝ ነው። አዲስ የፕላስቲክ ዕቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ሲፈላበት የሚሸተውን ታውቂዋለሽ? ሞቅ ያለ፣ ትንሽ ጣፈጥ፣ ትንሽም የሚያቅለሸልሽ ነገር ነው። እሱ ሲሸተኝ ወረታ ነኝ። አባቴ በጎኑ ተጋድሟል፤ የከሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ስንጥቅ ገብታ ነጩን እንፋሎት ለሁለት ትከፍለዋለች። ትናንት ያልጨረስኩትን ዛሬ ልጨርስልሽ።

አባቴ ሩዝ ፈልፋይ ነበር። ከተማው አልቆ የፎገራ ሜዳ በሚጀምርበት በኩል፣ ከመኖሪያ ቤታችን ጋር የተያያዘች መፈልፈያ ነበረችው። ኅዳር ሲገባ ገበሬው ሩዙን በጋሪና በአህያ እየጫነ ይመጣል። ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፤ እብቁ ግቢውን ጉም ያስመስለዋል። ልብሳችን፣ ፀጉራችን፣ ወጣችን ሳይቀር እብቅ እብቅ ይል ነበር። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ሰው ጠርቶ የሚያሰማ ድምፅ የነበረው አባቴ ብቻ ነው። “ቀጣይ!” ሲል አስፋልቱ ዳር ሻይ የሚጠጡት ሰዎች ዞር ይሉ ነበር። እናቴ አፍና አፍንጫውን በሻሽ እንዲሸፍን ትለምነዋለች። እሱ ይስቅና፣ “ተሸፍኜ እንዴት ልጣራ?” ይላታል።

ከአጥራችን ማዶ የአንድ ባለሱቅ ቤትና መጋዘን ነው። ባለሱቁ ሙስሊም ናቸው፤ አባታቸውም እዚያው ወረታ ሲነግዱ የኖሩ። ከአባቴ ጋር አብረው አድገዋል፤ አብረው ተምረው፣ አብረው ትምህርት አቋርጠዋል። በልጅነቴ የሁለቱ ግቢ አንድ ይመስለኝ ነበር። አጥሩ ላይ ሰው የምታሾልክ ክፍተት ስለነበረች ለጨውም ለክብሪትም የምንላከው በእሷ ነበር።

ከዚያ የጎርፉ ክረምት መጣ። በየነሐሴው ውሃ ሜዳውን ማልበሱ አዲስ ነገር አይደለም። ያን ዓመት ግን የርብ ወንዝ ሞልቶ ሰፈራችን ድረስ ዘለቀ። ባለሱቁ ቤታቸውንና መጋዘናቸውን ለማዳን አሸዋ የሞላ ከረጢት ደረደሩ፤ የተከለከለው ውሃ ዞሮ በእኛ በኩል ገባ። ገበሬው አምኖ እኛ ዘንድ ያስቀመጠው ሩዝ ከሥሩ ራሰ፤ ሰንበት ብሎም ይሸት ጀመር። አባቴ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ፣ በዚያ ድምፁ ጮኸባቸው።

“ከዛሬ ጀምሮ አላውቅህም! አታውቀኝም!”

ባለሱቁም፣ “አንተ ብትሆን ልጆችህን ታሰጥም ነበር?” ብለው መለሱለት።

የአጥሩ ክፍተት በቆርቆሮ ተደፈነች። እኔ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክደርስ ድረስ ሁለቱ ሰዎች ሰላም ሲባባሉ አላየሁም። መንገድ ላይ ከተገናኙ አንዳቸው ጫማ እንደሚያስር ሰው ጎንበስ ይላሉ፤ ሌላው እስኪያልፍ ቀና አይሉም።

የአባቴ ሳል ቀስ ብሎ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ነበር፤ በኋላ ደረጃ ሲወጣ፣ ከዚያ ሲያወራ። መፈልፈያዋን ለሰው አከራየ። ባሕር ዳር ልናሳክመው ስንሄድ ሚኒባሱ መንገድ ላይ፣ ሐሙሲት ከተማ ቆመ፤ አየር ልቀበል ብሎ ወረደና ተመልሶ መውጣት አቃተው። ረዳቱና እኔ ደግፈን አስገባነው። ዓይኔን ላለማየት መስኮቱን ሲያይ ነበር። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ወደ ብርሃን አንስቶ አየው፤ ገና ወጣት ነው፤ የሚናገረው ግን በእርጋታ ነበር።

“ሳንባው ለብዙ ዓመት አቧራ ጠጥቷል። ወደ ቀድሞው አይመለስም። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይውሰድ፤ ጭስና አቧራ አይቅረበው። በበጋ አየሩ ሲደርቅ ጉሮሮውን ስለሚፍቀው ሳሉ ይብስበታል። ለሚተኛበት ክፍል እርጥበት የሚሰጥ ማሽን ብታገኙ ትንሽ እንቅልፍ ይሰጠዋል። ያድነዋል ብላችሁ ግን እንዳትጠብቁ።”

እናቴ ከዚህ ሁሉ ይዛ የተመለሰችው “እንቅልፍ ይሰጠዋል” የሚለውን ብቻ ነው።

ያን ቀን አባቴ ስለደከመው ባሕር ዳር ሱቅ መዞር አልቻልንም። በማግስቱ ወረታ ውስጥ የጠየቅሁት ሁሉ አንድ መልስ ሰጠኝ፦ እንዲህ ያለ ዕቃ ያለው ጎረቤታችሁ ጋ ነው። እናቴን አየኋት። “ሂጂ” አለችኝ። “አባትሽ ከጠየቀሽ እውነቱን ንገሪው።”

ሱቁ የሳሙናና የአዲስ ጎማ ሽታ ነበረው። ባለሱቁ ሲያዩኝ እጃቸው ላይ የነበረውን ጨርቅ አስቀመጡ። የእርጥበት ማሽን እንደምፈልግ ነገርኳቸው።

“ለማን ነው?”

“ለአባቴ።”

ወንበር ላይ ወጥተው ከመደርደሪያው ሁለት ካርቶን አወረዱ። “ይቺኛዋ” አሉ አነስ ያለችውን እየነኩ፣ “ውሃውን ሳታፈላ ነው የምትበትነው። ብርድ ብርድ ይላል። ውሃው ንጹሕ ካልሆነ ያለበትን ሁሉ ይዛ ወደ አየር ነው፤ የእኛን ቧንቧ ደግሞ ታውቂዋለሽ። ይቺኛዋ አፍልታ ነው የምትለቅ። ለአባትሽ ይቺ ትሻላለች። ውስጧ ግን የፈላ ውሃ ነው፤ ከአልጋው አርቂያት። የሚወላገድ በርጩማ ላይ እንዳታስቀምጫት። ውሃዋን በየቀኑ ድፊና አዲስ ጨምሪ።”

አመስግኜ ልወጣ ስል ጠሩኝ።

“ሰሞኑን ድምፁን የማልሰማው ለዚህ ነው?”

“አዎ” አልኩ። ባለሱቁ ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዞሩና ያልተዛነፉትን ካርቶኖች ያስተካክሉ ጀመር።

አባቴ ካርቶኑን ሲያይ ከየት እንደመጣ ጠየቀኝ። “ከጎረቤት” አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ማሽኗ እንደታሸገች ቁም ሳጥኑ ላይ ተቀመጠች። እናቴ በራሷ መላ፣ በድስት ውሃ ከባሕር ዛፍ ቅጠል ጋር እያፈላች አልጋው አጠገብ ታቀርብለት ነበር። የከሰሉ ጭስ አብሮ እየገባ ጭራሽ አባሰው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሜዳው ነፋስ ተነሣ። ሩዙ ከታጨደ ቆይቷል፤ የዋልካው መሬት እግር እስኪያስገባ ተሰነጣጥቋል፤ የሆነ ቦታም ገለባ ይቃጠል ነበር። መስኮቱን ብንዘጋም አቧራው ገባ። አባቴ ሳል ይዞት አልለቀው አለ፤ ከንፈሩ ጠቆረ። እናቴ ተነሥታ ካርቶኑን አወረደችና በቢላዋ ቀደደችው። እጁን አንሥቶ “ተይ” አላት።

“ሲሻልህ ትቆጣኛለህ” አለችውና ውሃውን እስከ ምልክቱ ሞላች።

ማሽኗ መጀመሪያ ዝም አለች። የተበላሸች መስሎን ተያየን። ከዚያ ከውስጧ መንተክተክ ተሰማ፤ ሽታው መጣ፤ ቀጥሎ በአፏ ቀጭን ነጭ እንፋሎት እየተጠቀለለ ወጣ። ክፍሉ ሲለዝብ ይታወቀን ነበር። የአባቴ ትከሻ ከጆሮው ሥር ቀስ እያለ ወረደ። ሳሉ ራቅ ራቅ አለ። ብዙም ሳይቆይ አፉን ከፈት አድርጎ፣ እንደ ሕፃን፣ ተኛ። እናቴ አልጋው ግርጌ ቁጭ ብላ ስታየው ቆየች።

ሲነቃ ማሽኗን አተኩሮ አያት።

“ይቺን ማን መረጠልሽ?”

“እሳቸው።”

“ምን አለ?”

“ድምፅህን የማይሰሙት ለዚህ እንደሆነ ጠየቁኝ።”

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። መልሶ የተኛ መስሎኝ ልወጣ ስል፣ “ጥሪው” አለ።

ባለሱቁ ከዐሥር ሰዓት ሶላታቸው እንደተመለሱ መጡ። በሩ ላይ ቆመው አባቴን ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ፤ እንደዚያ መክሳቱን አላወቁም ነበር። አባቴ ሊናገር ሞከረ። “ጮኼ ልጠራህ…” አለና ትንፋሹ አነሰው።

“አትልፋ” አሉት። “መጥቻለሁ።”

እጁን ይዘው ተቀመጡ። ያን ዕለት ስለ ጎርፉ ያነሣ አልነበረም። ከቀናት በኋላ ነው አባቴ በሹክሹክታ፣ “እኔም ብሆን ልጆቼን ነበር የማስቀድመው” ያለው። ባለሱቁ መሬት መሬቱን እያዩ፣ “ቀድሜ መጥቼ ብነግርህ ሩዙን አብረን እናወጣው ነበር” አሉ። ከዚህ ሌላ የተባለ ነገር አልሰማሁም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ በዚያው ሰዓት ይመጡ ነበር። የወረታ ውሃ የማሽኗ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይተዋል፤ ባለሱቁ ከኤሌክትሪኩ ነቅለው፣ እስክትቀዘቅዝ ጠብቀው፣ ሎሚ ጨምቀው ያጥቧታል። እናቴ የባሕር ዛፍ ቅጠሏን ውስጥ ልትከት ስትል ያዟት። “ዕቃዋ ትበላሻለች፤ ለደረቱም ይከብደዋል፤ ውሃ ብቻ ነው የሚገባት” አሏት። የጭቃው ግድግዳ ማላብ ሲጀምር ደግሞ መስኮቱን ገርበብ እንድናደርግና ማሽኗን እያሳረፍን እንድናበራት የነገሩን እሳቸው ናቸው። አንቺም ይህን አትርሺ፤ ክፍሉ ሲያልብ ይበቃዋል ማለት ነው፤ ሻጋታ ከመጣ ከድርቀቱ የባሰ ነው። ልጅሽ መዳኽ ከጀመረ ደግሞ የፈላ ውሃ ያለበትን ጭራሽ ባታስገቢ ይሻላል።

ያን ዓመት ረመዳንና ዐቢይ ጾም ገጥመው ነበር። ባለሱቁ በደረቀ ከንፈራቸው ለማሽኗ ውሃ ይቀዳሉ፤ እናቴ እህል ሳትቀምስ ለአባቴ አጥሚቱን ታማስላለች። አባቴ ሁለቱን ተራ በተራ ያይና፣ “በዚህ ቤት የምበላው እኔና ማሽኗ ብቻ ሆንን” ይላል። አብሯቸው ሲስቅ ሳሉ ይመጣበታል፤ እነሱም ሳቃቸውን ያቋርጣሉ።

አንድ ሰሞን መብራት ጠፍቶ አልመጣ አለ። ባለሱቁ ለሱቃቸው ማቀዝቀዣ የሚጠቀሙባትን ጄኔሬተር በጋሪ አስጫኑና መጡ። ጭሱ እንዳይደርስበት ከግቢያችን ጥግ አስቀምጠው ረጅም ገመድ ዘረጉ። ገመዱ የሚያልፍበት ስላጣ አጥሩ ላይ ያለውን ቆርቆሮ በጉጠት ነቀሉት። በሱቃቸው ያለው ወተትና ለስላሳ እንደሚሞቅ እናቴ ስትነግራቸው፣ “ይሙቅ” አሉ።

አባቴ ግን እየቀለለ ሄደ። ስናነሣው ይታወቀን ነበር። እንቅልፍ አገኘ፤ ጉሮሮው ዐረፈ፤ ከጓደኛው ጋር ተቀመጠ። ሳንባው የራሱን መንገድ ይሄድ ነበር። ሐኪሙ ነግሮን ነበር፤ እኛ ግን ሰው ሲተኛ ስናይ የሚድን እየመሰለን ተስፋ ማድረጉን አላቆምንም። እኔ ፈተናዬን ስጨርስ ባሕር ዳር ወስጄ ጣናን በጀልባ አዞረዋለሁ እያልኩ እቅድ አወጣ ነበር። እሱም ጭንቅላቱን ይነቀንቅልኛል።

ያረፈው ግንቦት ውስጥ፣ እኩለ ቀን ላይ ነው። ከሐይቁ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ የመጀመሪያው ዝናብ ሜዳው ላይ ሲወርድ የአፈሩ ሽታ ቤት ድረስ ገባ። አየሩ ራሱ ስለረጠበ ማሽኗን አላበራናትም። “መስኮቱን ክፈችው” አለኝ፤ ከፈትኩት። ለብዙ ወራት ያላየሁትን ረጅም ትንፋሽ ሳበ። እናቴ ልብሱን ስታስተካክልለት ቆየችና እጇ ቆመ። በዝናቡ ድምፅ ምክንያት መቼ እንደሄደ አንዳችንም አልሰማንም።

ቀብሩ ላይ ባለሱቁ ከሰዉ ጋር ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ሄዱ፤ ከዘመድ ጋርም ቆመው የለቀስተኛውን እጅ ተቀበሉ። ድንኳኑ እስኪፈርስ ድረስ ከእኛ አልተለዩም።

ድንኳኑ በተነሣ በማግስቱ፣ በለመዱት ሰዓት፣ ኮቴያቸውን ሰማን። ገብተው አልጋው ወደነበረበት ተመለከቱ፤ አልጋው ወጥቶ ወለሉ ታጥቧል። ለምን እንደመጡ ራሳቸውም ያወቁት አልመሰለኝም። ሊመለሱ ሲሉ እናቴ፣ “ይቀመጡ እንጂ” አለቻቸው።

ተቀመጡ። እሷም ተቀመጠች። አባቴ በወጣትነቱ ምን ይመስል እንደነበር ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም በክረምት ሁለቱ ተያይዘው የተጥለቀለቀውን ሜዳ ሲሻገሩ፣ አባቴ እስከ ማዶ ድረስ ሲዘፍን እንደነበር ይነግሯት ጀመር። እናቴ ይህን ሰምታ አታውቅም። “ይዘፍን ነበር?” አለች። “እኔ ፊት ዘፍኖ አያውቅም።” ፈገግ አለች፤ ዓይኗ ግን ሞላ።

ሲጨልም መምሸቱን ልነግራቸው ብዬ ስናገር ነው የራሴ ድምፅ እንግዳ የሆነብኝ። ያን ሁሉ ጊዜ፣ ባዶው ክፍል ውስጥ፣ ሦስታችንም በሹክሹክታ ነበር የምናወራው። አሁንም የተኛ ሰው እንዳለ ሁሉ።