ለእኔ፣ ለሞተሬና ለጥሩወርቅ ቤት ፍለጋ

ከአሰላ ወደ ድሬዳዋ የወጣሁት ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ጭጋጉ ገና ከመንገዱ አልተነሣም ነበር። የጉዞዬ ምክንያት አጭር ነው፦ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ የባለቤቴ የጥሩወርቅ ጉልበት ደግሞ የአሰላን ብርድ አልችል ብሏል። ስለዚህ ሞቅ ያለ አገር መኖሪያ እንፈልጋለን። ልጃችን አዳማ ግቢው ውስጥ ሁለት ክፍል አዘጋጅቶልናል፤ ይባረክ። ግን ግቢው የእሱን መኪና እንጂ የእኔን ሞተር አይችልም። «አባዬ፣ በዚህ ዕድሜህ ምን ያደርግልሃል? ሽጠው» ይለኛል። እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት የከብት ክትባት ሣጥን ከኋላ ጭኜ ከቀበሌ ቀበሌ የዞርኩት በሞተር ነው። ያለ ሞተር እጄን የት እንደማሳርፈው እንኳ አላውቅም።

ፍርዱን የሰጠችው ጥሩወርቅ ናት። «ሂድና ፈልግ። ሁለታችንን የሚያስማማ ቦታ ካጣህ ግን ሞተሩ ይሸጥና አዳማ እንገባለን» አለች። እሷ ሞተሬ ላይ ወጥታ አታውቅም። በተጋባን ሰሞን የገዛሁላት ቀይ ሄልሜት ማድ ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ነጭ ሽንኩርት ታደርግበታለች።

እስከ ጭሮ

ኢተያንና ደራን አልፌ አዳማ ስደርስ ሙቀቱ ተቀበለኝ፤ የቆዳ ጃኬቴን ግን አላወለቅሁም። ጃኬት ማውለቅ እንደ መሸነፍ ይመስለኛል። መተሐራ ላይ ጥቁር ድንጋዩ ግራ ቀኙን ሞልቶታል። ከዚያ በኋላ ከጂቡቲ የሚመጡት ከባድ መኪኖች በጎኔ ባለፉ ቁጥር ንፋሳቸው ይገፈትረኛል። አዋሽ ላይ ጥብስ በላሁ፤ ፍየሉ ሽማግሌ ቢሆንም ረሃቤ ወጣት ነበር። ጭሮ የገባሁት ሊመሽ ሲል ነው። የሆቴሉ ዘበኛ ሞተሩ ውጭ እንዳያድር ብሎ ከመመገቢያው ጠረጴዛዎች አጠገብ አቆመልኝ።

በማግስቱ ሂርናንና ቁልቢን አልፌ ደንገጎ ላይ ቆምኩ። ከዚያ በታች መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ እያንዳንዱን ኩርባ ባለፍኩ ቁጥር አየሩ ይሞቃል። ስድስት ሰዓት ላይ ድሬዳዋ ገባሁ።

በስልክ ያገኘሁት ደላላ፣ ሰሚር የሚባል የባጃጅ ሾፌር፣ ከዚራ ሰፈር፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ጠበቀኝ። «አንተ ነህ ባለ ሞተሩ?» አለኝ፤ ዕድሜው የእኔን ግማሽ ቢሆን ነው። አሰላ ቢሆን ቅር ይለኝ ነበር፤ እዚህ ግን ለትልቁም ለትንሹም «አንተ» ነው። ጃኬቴን አየና «አቦ አውልቀው፣ ባንተ ፋንታ እኛን እያላበን ነው» አለ። ከዚያ ምሳ በልቼ እንድተኛና አሥር ሰዓት ላይ እንደሚመጣ ነግሮኝ ባጃጁን አስነሥቶ ሄደ።

ስምንት ሰዓት

እኛ አገር ቀን የሚተኛ በሽተኛ ብቻ ነው። ሰው እስኪነሣ ልጠብቅ? አልጠበቅሁም። አሸዋ ብቻ የሚታይበትን የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ ብቻዬን በሞተሬ መጋላ ሰፈር ገባሁ። ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። ፍየሎቹ በየጥላው ተጋድመዋል፣ ባለ ባጃጆቹም እግራቸውን ወደ ውጭ ዘርግተው ተኝተዋል። ይህ ከተማ ሰው የለውም እንዴ አልኩ። አንድ አረንጓዴ በር ላይ «የሚከራይ ቤት አለ» የሚል በጠመኔ ተጽፎ አየሁና በቁልፌ ደጋግሜ አንኳኳሁ።

የከፈተችልኝ በእኔ ዕድሜ የምትሆን ድሪያ ቀሚስ የለበሰች ሴት ናት። ፊቷ ላይ የትራሱ መስመር ገና አልጠፋም። «ማን ሞተ?» አለች።

መልስ ሳልሰጥ የፊት ለፊቱ በር ተከፈተና ሽርጥ ያገለደመ ሰውዬ «ማን ሞተ?» አለ። ሦስተኛ በር ተከፈተ። ከአንደኛው ቤት ውስጥ ለቅሶ ተጀመረ። ለካ በዚህ ሰዓት መጋላ ውስጥ በር የሚያንኳኳ መርዶ ነጋሪ ብቻ ነው። በላዩ ላይ እኔ በዚያ ሙቀት ጥቁር ጃኬት ለብሻለሁ።

«ማንም አልሞተም፤ ቤት ልከራይ ነው» አልኩ። ለቅሶው ቀጥ አለ። ከዚያ ባለ ሽርጡ ሰውዬ ሳቀ፣ ሳቀ፣ በመጨረሻ ደፉ ላይ ተቀመጠ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሴትዮዋ፣ በኋላ ሞሚና እንደምትባል አወቅሁ፣ አልሳቀችም። ቤት በዚህ ሰዓት እንደማይታይ ነገረችኝና ግቢዋ ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር ምንጣፍ አነጠፈችልኝ። ቀዝቃዛ ውኃ ሰጠችኝ፤ ጃኬቴን ራሷ ተቀብላ ሰቀለችው። ለይምሰል ጋደም አልኩ። ስነቃ ሰሚር እግሬን እየነቀነቀ ነበር፤ አሥር ሰዓት አልፏል። «ስፈልግህ ‹ሬሳው ሞሚና ቤት ነው› አሉኝ» ብሎ ሳቀብኝ።

ቤቱን አየሁ። ሁለት ክፍል ነው፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ኪራዩም ከአቅሜ በላይ አይደለም። በሩ ላይ ደፍ ስለሌለ ሞተር እየተነዳ ይገባል። አስገብቼ ጥላው ሥር አቆምኩት፣ ዙሪያውን በእርምጃ ለካሁ፣ ዝናብ ሲመጣ የት እንደማሸሸው ጠየቅሁ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። አገኘሁ አልኩ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የሞተ የመሰለኝ ከተማ ተነሣ። መንገዱ በሰው ሞላ። ከሞሚና ደጃፍ ተቀምጠን ሰሚር ያመጣውን ፈጢራ በሻይ ስንበላ አንድ ሽማግሌ በሞተር አለፉ። ከኋላቸው ሚስታቸው ሐብሐብ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፤ ሻሻቸውን ንፋሱ ይመታዋል።

«ሚስትህም ከኋላህ ትቀመጣለች አይደል?» አለች ሞሚና።

የነጭ ሽንኩርቱን ነገር ነገርኳት። ቀኑን ሙሉ ያልሳቀችው ሴት ያኔ ሳቀች። ከዚያ ረጋ ብላ «አንተ ከገባህ ጀምሮ የለካኸው የሞተርህን ቦታ ነው። እሷ የት እንደምትተኛ አልጠየቅከኝም» አለች።

አፈርኩ። እውነቷን ነበር። ቀብድ ልሰጣት እጄን ኪሴ ስከት እንቢ አለች፤ የቤቱ ሴት ሳታየው ቤት አላከራይም ብላ። ተነሥታ ሄደችና በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በውኃ በራሰ መዳፏ አጠፋችው። «እስክታመጣት ጠብቃለሁ» አለች።

አሰላ

ቅዳሜ ማታ ቤቴ ገባሁ። የ«ማን ሞተ?»ን ነገር ስነግራት ጥሩወርቅ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ሳልጠይቃት የሄድኩትን ጠየቅኋት፦ አንቺ ምን ዓይነት ቤት ትፈልጊያለሽ? «ደረጃ የሌለው፣ ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት፣ ማታ ደጅ ወጥቼ ሰው የማይበት» አለች። ቀጥላም «ይኸውልህ፣ በሠላሳ ዓመት ዛሬ ጠየቅኸኝ» አለች። ይህን ለመማር እስከ ድሬዳዋ መሄድ አልነበረብኝም፤ ግን እኔ እንዲህ ነኝ፣ ካልነዳሁ አይገባኝም።

እሑድ ጠዋት ማድ ቤት ስገባ ነጭ ሽንኩርቱ ሰፌድ ላይ ተደፍቷል። መደርደሪያው ባዶ ነው። ወደ ደጅ ወጣሁ። ጥሩወርቅ ጋቢዋን አጥብቃ፣ ቀዩን ሄልሜት አድርጋ ሞተሩ አጠገብ ቆማለች።

«እስከ ኢተያ ብቻ» አለች።

እንቁላል እንደጫነ ሰው ተጠንቅቄ ነዳሁ። ወገቤን አጥብቃ ይዛኛለች። ኢተያ ስንደርስ ልመልሳት ብዬ ፍጥነት ቀነስኩ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

«ማን ሞተና ነው የምትቆመው?»

ወደ ደራ ቁልቁል ወረድን። ሄልሜቱ እስከ እኔ ድረስ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል።